ሩብ ሩቡን

«ሩቡን ብቻ!» ይላል ከወንበሩ ሆኖ፣
አገጩን ከዘራው እጀታ ላይ ጭኖ።
እጆቹ መንቀጥቀጥ ከለመዱ ወዲህ፣
አፉ አለቃ ሆኗል፤ ሠራተኛዋ እዚህ፣
ሦስት ባልዲ ከብቦኝ፣ መስተዋቱን ታክኬ፣
የጨው ውሃ ጎርሼ ፎጣ ላይ ተንበርክኬ።

አሥራ አንድ ዓመቱ ነው ጠጠሩ ሲተኛ
በዓሣው ገንዳ ወለል። ሻጩ ምላሰኛ፣
«ነጭ ነው፣ የዛጎል ስባሪ፣ ዕድሜ ልክ የማይነካ»
ብሎ ነው የሸጠው፤ ከሥሩ ግን ለካ
የዓሣ ኩስ፣ የመኖ ፍርፋሪ ወርዶ፣
ድምፅ ሳያሰማ እንደ አራጣ ወልዶ፣
ጫር ሲያደርጉት ጥቁር፣ ሽታው ግም እንቁላል።
«አንዴ ዝቄ ልጣል» ስለው፣ «ይገድላል» ይላል።
«መርዙ ተኝቷል፣ አትቀስቅሺው ባንዴ፤
ሩብ ዛሬ፣ ሩብ ለቅዳሜ። ኦዴት፣ አትሰሚም እንዴ?»

ሠላሳ አራት ዓመት በሳዶ ወንዝ ሄዶ፣
መኪና ሲያሻግር ከሴቱባል ማዶ፣
የጀልባ ሞተረኛ፣ የሙላት ጠባቂ፣
አቢሊዩ ያው ነው፤ መዘግየት አዋቂ።
እኔ ደግሞ ሰርዲን ፋብሪካ ያሳደገኝ፣
በደቂቃ አርባ ራስ የቀነጠስኩ ነኝ፤
«ሩብ» የሚሉት ሥራ አይዋጥልኝ።

ቢሆንም ሠራሁት።
አዲሱን አሸዋ ገላ መታጠቢያ
አስገብቼ አጠብኩት፤ ውሃው መጀመሪያ
ወተት ነበር፣ ኋላ አሬራ፣ ኋላ አጓት፤
በሰባተኛው ዙር ፊቴን አየሁበት።
«ከአሮጌው ግን» ይላል፣ «አንድ ኩባያ አስቀሪ፤
እርሾ ነው፤ ዓይን የማያየው ነዋሪ
አለበት። ያለ እሱ ያ ንጹሕ አሸዋሽ
ባዶ ቤት ነው፤ መርዝ ነው የሚያወርስሽ።»
አፍንጫዬን ይዤ በተንኩት።

ቢጫው ዓሣ፣ ጉንጩን ነፍቶ ስለሚሄድ
«ሚኒስትሩ» ያልነው፣ ከአንዱ ጥግ ወደ አንድ
እየተዘዋወረ፣ መሬቱ ሲነሣ፣
እንደ ተሻረ ሰው ሦስት ቀን ቁርስ ረሳ።

አራተኛው ቅዳሜ ሳይመጣ ግን ይህን ልንገራችሁ፤
ስድስት ዓመት ሙሉ፣ መብራቱ ሲጠፋ
«ጧ!» የሚል ድምፅ አለ፤ ጠባችንም ከፋ።
እሱ «ፍሪጁ ነው»፣ እኔ «ቧንቧው ነው» ስል፣
ቧንቧ ሠሪው መጥቶ ግድግዳ ሲነድል፣
ስልሳ ዩሮ ከፈልን። እሱም ፍሪጅ ፈትቶ
ሲገጥም ሁለት ብሎን ተረፈው፤ ደበቀው ኪስ ከትቶ።

የመጨረሻው ጥግ፣ ከድንጋዩ በታች፣
ቱቦዬን ሳስጠጋ፣ ጠጠሩ ውስጥ አንዳች
ተላወሰ። ሽሪምፕ። አውራ ጣት የሚያህል፣
አንዱ ክንዱ ገለባ፣ አንደኛው ቡጢ ያክል።
እኛ ያልገዛነው፣ እኛ ያልጠራነው፣
ከድንጋዩ ጋራ ተደብቆ የገባው፣
የስንት ዓመት ጉድፍ ቤት አርጎ የኖረው፣
ክንዱን አነሣና፤
«ጧ!»

አቢሊዩን አየሁት። አቢሊዩ አየኝ።
«ፍሪጅ» አልኩት። «ቧንቧ» ብሎ መለሰልኝ።
ከሳቁ ብዛት የተነሣ ከዘራው ወደቀ፤
ላነሣ ስል ባልዲ መታሁና ሳሎኑ ተጥለቀለቀ።

ያን ሩብ ተውነው። ሦስት እጁ እንደ በፍታ
ሲያበራ፣ ያ ጥግ ቀረ ከነጌታው፣ ከነሽታ።

አሁን ሌሊት ነው። መብራት አጥፍተናል።
የፓምፑ ሹክሹክታ ከሳሎን ይመጣል።
ሦስት ቀን ሆነው ዝም ካለ።
ጣሪያው ተነክቶበት አኩርፎ ይሆን?
ወይስ እርሾውን ፈልጎ ከነጩ ሥር እየማሰ?
ፍሪጁም ዝም፣ ቧንቧውም ዝም።

«ኦዴት፣ ተኝተሻል?»
«አልተኛሁም። ዝም በል።»